በትምህርት ቤቱ በር ላይ አዛዡ ማነው?



ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለጉዳይ ወደ ሆሳዕና ወርጄ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ከአንዲት ሻይ ቤት ተጠግቼ ሳለሁ፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የተቀጠረ አንድ ወጣት አወቀኝና ቀረብ ብሎ ተቀመጠ። ስለ ከተማዪቱ መስፋፋት፣ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ፣ ስለ ደመወዝ ማነስም ጥቂት ከተጫወትን በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ።

«ጋሼ፤ በአሜሪካ አገር ትምህርት ቤቶች የራሳቸው የፖሊስ አዛዥ አላቸው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ሰው እንዴት አድርጎ ነው እዚያ ወንበር ላይ የሚደርሰው? እኛ ዘንድ ዘበኛ የሚሠራውን እዚያ ኮማንደር ይሠራዋል ማለት ነው?»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ሁለታችንም ሣቅን። ነገር ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ጥያቄው የሚያሥቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ መልሱን በዚህ ገጽ ላይ ለማቅረብ ቃል ገባሁለት፤ እነሆ ቃሌን እፈጽማለሁ።

በቅድሚያ የራሳችንን እንመልከት። ዛሬ የምናውቀው ዐይነት የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ የቆመው ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም አባዲና የተባለው የፖሊስ ኮሌጅ ተከፍቶ መኰንኖችን ያሠለጥን ጀመር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ፖሊስ እንዲያደራጅ ሥልጣን ሰጠ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መስተዳድር መቀመጫ የሆነችው ሆሳዕና ናት። እንግዲህ በከተማዪቱ የክልል ፖሊስ አለ፤ የዞን ፖሊስም የከተማ ፖሊስም አለ። የትምህርት ቤት ፖሊስ ግን የለም። ዱራሜ ብትሄዱ፣ ሾኔ ብትሄዱ፣ ነገሩ ያው ነው። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግጭት በተነሣ ጊዜ የፌዴራል ፖሊስ ወደ ግቢዎቹ እንዲገባ መደረጉን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እርሱም ቢሆን ከውጭ የተላከ ኃይል ነበረ እንጂ ትምህርት ቤቱ ራሱ የቀጠረው አልነበረም።

በትምህርት ቤታችን በር ላይ ያለው ዘበኛ ነው። ዘበኛውን ታውቁታላችሁ። ቁልቁል የወረደ ካፖርት፣ ዱላ፣ በሽቦ የተሳካ የቁልፍ ዘለላ፣ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ። ቸርኬውን በብረት ሲመታው ክፍል ይገባል፤ ሲመታው ዕረፍት ይሆናል። አርፍዶ የመጣውን ተማሪ ከበር ውጭ ያቆመዋል፤ ጥቂት ቆይቶ አንጀቱ አልችል ሲለው ያስገባዋል። ከመካከላችን ባንድ ወቅት ዘበኛ ለምኖ ያልገባ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። እዚያ «የትምህርት ወረዳ» የሚባል ነገር አለ። ወረዳ ስላልኩ የእኛ ወረዳ አይምሰላችሁ። በአንድ ከተማ ወይም አውራጃ ያሉትን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድር፣ ሕዝቡ የመረጠው ቦርድ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜም በገዛ ስሙ ግብር የሚሰበስብ፣ ከከተማው አስተዳደር የተለየ ተቋም ነው። መምህር ይቀጥራል፣ አውቶቡስ ይገዛል፣ ምሳ ያበላል። በአንዳንድ ክፍለ አገር ደግሞ ሕጉ ስለሚፈቅድለት ፖሊስም ይቀጥራል። በቴክሳስ ብቻ የራሳቸው ፖሊስ ያላቸው የትምህርት ወረዳዎች ከ300 ይበልጣሉ። የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ፖሊስ ጅምሩ ከ1948 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ያ ማለት ከእኛ የ1934ቱ አዋጅ ጥቂት ዓመታት ብቻ ዘግይቶ የተጀመረ ነው።

ወደ ወንበሩ የሚያደርሰው መንገድ ይህን ይመስላል። ሰውየው እንደ ማንኛውም ፖሊስ ከማሠልጠኛ ገብቶ ፈቃድ ይቀበላል። በከተማ ወይም በአውራጃ ፖሊስ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሲዞር ዓመታት ያሳልፋል። ከዚያ ሳጅን፣ ሌተናንት፣ ካፒቴን እያለ ይወጣል። ዕድሜው ሲበስል፣ ቤተሰቡም የሌሊቱን ሥራ ሲሰለቸው፣ የትምህርት ወረዳው የአዛዥነት ቦታ ክፍት መሆኑን በማስታወቂያ ያያል። ይወዳደራል። የሚሾሙት የወረዳው የትምህርት ኃላፊና ቦርዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሥራው ጸጥ ያለ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ማስተናበር፣ የተማሪዎችን ጠብ ማብረድ፣ በኳስ ጨዋታ ቀን መቆም፣ ዕቅድ መጻፍ፣ ልምምድ ማድረግ። ብዙ የትምህርት ወረዳ ፖሊስ አዛዦች ጡረታቸውን የሚያከብሩት አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ነው።

ስለ አንደኛው አዛዥ ግን ጠለቅ ብዬ ላጫውታችሁ ይገባኛል።

ኡቫልዲ በቴክሳስ ከሳን አንቶኒዮ ወደ ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ሕዝቧ 15 ሺህ ገደማ የሆነ ከተማ ናት። ከሆሳዕና በጣም ታንሳለች። ሰው ሁሉ ሰውን ሁሉ ያውቃል። ፒት አሬዶንዶ በዚችው ከተማ ያደጉ ሰው ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመሩት በከተማው ፖሊስ ዘንድ የአደጋ ስልክ ተቀባይ ሆነው ነበር። ይህን ልብ በሉት፤ የመጀመሪያ እንጀራቸው የሰው የጭንቅ ጩኸት በስልክ ሰምቶ ለሚመለከተው ማስተላለፍ ነበረ። ከዚያ በከተማው ፖሊስ ውስጥ በማዕረግ አደጉ። በኋላም በላሬዶ ከተማ አካባቢ በአውራጃው የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም በዚያው በአንድ የትምህርት ወረዳ ፖሊስ ውስጥ አገለገሉ። በ2012 ዓ.ም. የትውልድ ከተማቸው የትምህርት ወረዳ የፖሊስ አዛዥ አድርጎ ሾማቸው። ክፍሉ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ቆይቶም ቢሆን የፖሊሶቹ ብዛት አዛዡን ጨምሮ ስድስት ብቻ ነበረ። የአገር ልጅ ናቸውና ሕዝቡ ወደዳቸው፤ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ።

አሁን ዕቅዱን እንመልከት። አሜሪካኖች በ1991 ዓ.ም. በኮሎራዶ ክፍለ አገር በኮለምባይን ትምህርት ቤት ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ አንድ ትምህርት ተምረው ነበር። በዚያን ጊዜ ፖሊሶቹ ልዩ ኃይል እስኪመጣ ውጭ ሆነው ጠበቁ፤ ውስጥ ያለው ሰው ደማ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ሥልጠና «ቀድሞ የደረሰ ፖሊስ፣ ብቻውንም ቢሆን፣ ወዲያው ገብቶ ገዳዩን ይግጠም» የሚል ሆነ። የቴክሳስም ሕግ እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ ለእንዲህ ያለ ቀን ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ያዛል። የኡቫልዲ ዕቅድ ሲዘጋጅ አሬዶንዶ አብረው የሠሩት ሲሆን፣ በዕቅዱ ላይ የሰፈረው ቃል የማያሻማ ነበር፤ በዚያ ቀን ከየትም የሚመጣውን ኃይል ሁሉ የሚያዘው የትምህርት ወረዳው የፖሊስ አዛዥ ነው። ሥልጠናውንም ከጥቂት ወራት በፊት ወስደው ነበር።

ቀኑ ማክሰኞ ግንቦት 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የ18 ዓመት ወጣት፣ ቀድሞ በዚያው ትምህርት ቤት የተማረ፣ ጠመንጃ ይዞ በከተማው ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ላይ ሮብ ወደ ተባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም የአራተኛ ክፍል ሕፃናት ወዳሉባቸው ሁለት የተያያዙ ክፍሎች ዘለቀ።

ፖሊሶች በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። አዛዡም ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። ሲሮጡ የመገናኛ ሬዲዮዎቻቸውን ከአጥሩ አጠገብ ትተዋቸው ገቡ፤ እጄ ነጻ እንዲሆን ብዬ ነው ብለዋል። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ወደ በሩ ሲጠጉ ተተኮሰባቸውና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አዛዡ ሰውየው በአንድ ክፍል ተዘግቶበታል፣ እንግዲህ ጊዜ አለን፣ በሌሎች ክፍሎች ያሉትን ልጆች አስቀድመን እናውጣ የሚል አሳብ ያዙ። ልጆቹን በመስኮት አወጡ። ይህም ቢሆን መልካም ሥራ ነው፤ የዳኑት ልጆች ወላጆች ያመሰግናሉ። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ከተዘጋው ክፍል ውስጥ አንዲት ሕፃን በሹክሹክታ ስልክ ደውላ ፖሊስ ላኩልን ትል ነበር። መልእክቱ በሬዲዮ ተላለፈ። አዛዡ ግን ሬዲዮ አልያዙም።

ቀጥሎ የቁልፍ ነገር መጣ። በሩ ተቆልፏል ብለው ስላመኑ ቁልፍ ፍለጋ ያዙ። አዛዡ በመተላለፊያው ላይ ቆመው በሌላ ክፍል በር ላይ የቁልፍ ዘለላውን አንድ ባንድ እየሞከሩ ዋናውን ቁልፍ ይፈልጉ ነበር። በኋላ የቴክሳስ ምክር ቤት የመረመረው ኮሚቴ ያገኘው ነገር ግን ሲያነቡት ጉልበት የሚያከዳ ነው፤ የክፍሉ በር መቆለፊያ ብልሹ እንደ ነበረና ምናልባትም ያን ጊዜ አልተቆለፈም ነበር። እጀታውን ይዞ ገፋ አድርጎ የሞከረ ሰው የለም።

ኃይል ደግሞ አልጠፋም። ከክፍለ አገሩ ፖሊስ 91፣ ከድንበር ጠባቂዎች 149፣ ባጠቃላይ 376 የታጠቁ ሰዎች በቦታው ተሰብስበው ነበር። ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ይጮኻሉ፤ አንዳንዶቹም እንዳይገቡ ተይዘዋል። ከ77 ደቂቃ በኋላ፣ 6 ሰዓት ከ50 ላይ፣ በድንበር ጠባቂዎች የተመራ ቡድን በሩን ከፍቶ ገባና ገዳዩን ገደለው። ክፍሎቹ ውስጥ 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ተገድለዋል።

ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ አሬዶንዶ ለጋዜጣ ሲናገሩ ራሳቸውን እንደ አዛዥ እንዳልቆጠሩ፣ ሌላ ሰው አዛዥነቱን ይዟል ብለው እንዳሰቡ ገለጹ። ዕቅዱን ግን አንብባችሁታል፤ አዛዡ እሳቸው ነበሩ።

ፍርድ እንዳይጓደል ሌላውንም ወገን መናገር አለብኝ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ በሐምሌ 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ጥፋቱን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ አልጫነም። ከስድስት ሰዎች ክፍል ይልቅ እጅግ የበለጠ ኃይልና መሣሪያ የነበራቸው መሥሪያ ቤቶች በቦታው ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ እንኳ «አዛዡ ማነው? ከሌለ እኔ ልያዘው» ብሎ አልተነሣም። እኔ በበኩሌ ይህ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። አንድ ሰው ሊደነግጥ ይችላል፤ 376 ሰው እርስ በርሱ ተያይቶ ሲቆም ግን ምን ይባላል?

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አሬዶንዶ ከከተማው ምክር ቤት አባልነት ለቀቁ። በነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ልክ ሦስት ወር እንደ ሞላው፣ የትምህርት ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ከሥራ አሰናበታቸው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወረዳው የፖሊስ ክፍሉን ሥራ ራሱን አገደ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሕፃናትን ለአደጋ በማጋለጥ 10 ክስ ተመሠረተባቸው፤ እሳቸውም ጥፋተኛ አይደለሁም ሲሉ ቃላቸውን ሰጥተዋል። የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው።

ይህ ሹመት በሌላ በኩልም ያልቃል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከሞተ በኋላ፣ የጥቁር ተማሪዎች ወላጆችና ተማሪዎቹ ራሳቸው ፖሊስ ከትምህርት ቤት ይውጣልን እያሉ ተነሡ፤ መምህር በምክር የሚያበርደውን ጠብ ፖሊስ በካቴና ይጨርሰዋል ነበር አቤቱታቸው። የኦክላንድ የትምህርት ቦርድ የራሱን ፖሊስ ጨርሶ አፈረሰ። የሎስ አንጀለስ ቦርድ የትምህርት ቤት ፖሊሱን በጀት 25 ሚሊዮን ዶላር ሲቀንስ አዛዡ ወዲያው ሥራቸውን ለቀቁ። ቴክሳስ ደግሞ ከኡቫልዲ በኋላ በተቃራኒው ሄዳ በእያንዳንዱ የሕዝብ ትምህርት ቤት አንድ የታጠቀ ሰው እንዲኖር በሕግ አዘዘች። አንዱ አገር፣ ሁለት መንገድ።

አንባቢዎቼ፤ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው? እኛ ዘንድ ጠመንጃ ይዞ ክፍል የሚገባ ወጣት የት አለና?» ትሉኝ ይሆናል። ስለ ጠመንጃው ከሆነ ልክ ናችሁ፤ የታጠቀ ፖሊስ በየክፍሉ በር ይቁምልን የምል ሰው አይደለሁም። እኔን የያዘኝ ያች «ሌላ ሰው ይዞታል ብዬ ነው» የምትለዋ ቃል ናት፤ እርሷን ለመስማት ቴክሳስ መሄድ አያሻንምና።

በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳገለግል የመዝገብ ቤቱ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ኃላፊው ደንበኛ ደብዳቤ ጻፉ፤ በግርጌውም ለጠቅላላ አገልግሎት፣ ለሒሳብ ክፍል፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት፣ ለጥገና፣ ለእኛም ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች ግልባጭ ተደረገ። አምስታችንም ተቀበልን፣ አምስታችንም ፈረምን፣ አምስታችንም በፋይል አስቀመጥን። ደብዳቤው የደረሰው ለሁሉም ስለሆነ እያንዳንዳችን ሌላኛው ይሠራዋል አልን። ሐምሌ ገባ። የብዙ ሰው የአገልግሎት ዘመን የተመዘገበበት ወረቀት ውኃ ጠጥቶ እንደ ቂጣ አበጠ፤ አንዱ አዛውንት ጡረታቸውን ለማስከበር ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ ዛሬም ፊታቸው ይታየኛል። እኔም ከአምስቱ አንዱ ነበርኩ። ጣራው ላይ ለመውጣት የሚያስፈልገው መሰላልና ሁለት ቆርቆሮ ነበር።

ወደ ሆሳዕና ልመለስ። በማግሥቱ ጠዋት ያ ወጣት ከመሥሪያ ቤቱ ሳይገባ በፊት አብሮኝ ወጣና በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆምን። ዘበኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። እጅ ነሣናቸው፤ እሳቸውም ከጎጆዋቸው ውስጥ ዱካ አውጥተው «ተቀመጡ እንጂ» አሉን። ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፤ እንደው አደጋ ቢነሣ፣ እሳት ቢሆን፣ ዱርዬም ቢገባ ምን ያደርጋሉ?»

«ቸርኬውን እደበድባለሁ፤ ልጆቹ እንዲወጡ። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ እነግራለሁ። እሱ ለፖሊስ ይደውላል።»

«ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሄደው ባይኖሩስ?»

«ምክትሉ አለ።»

«እሱም ባይኖርስ?»

ሽማግሌው የማላውቀውን ነገር እንደ ጠየቅኋቸው ሁሉ ትክ ብለው አዩኝ። «ያን ጊዜማ እኔው ነኛ!» አሉ።

«ፖሊስ ጋ ይደውላሉ?»

«ስልኩስ አለኝ፤ ቁጥሩን አላውቀውም እንጂ።»

ወጣቱና እኔ ተያየን። እሱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ የስልክ ቁጥር ስንት ጊዜ በእጁ እንዳለፈ ራሱ ያውቃል። ከኪሱ ስልኩን አወጣና ቁጥሩን ፈለገ፤ ከአንዲት ተማሪ ጠመኔ ተቀብሎም በጎጆዋ ግድግዳ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ በትልልቁ ጻፈው። ከሥሩ የርዕሰ መምህሩንና የምክትላቸውን ጨመረበት።

ዘበኛው ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፤ ቀለም ቢሆን ነበር ደግ» አሉት። «ጠመኔውን ዛሬ ማታ ዝናቡ ይወስደዋል።»

ወጣቱ ሰዓቱን አየ። ቢሮ ሊገባ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ቀለሙን ከየት እንደሚያገኝ እየጠየቀኝ አብረን ወደ ገበያው መንገድ ወረድን።